የቤተሰብ ስም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው የመኪና መንገድ ሞያሌ ላይ አያልቅም። 770 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከኬላ ይደርሳል፤ ከኬላው ወዲያ ሰንደቅ ዓላማውና ገንዘቡ ይለወጣል፣ መኪናው በቀኝ መሄዱን ትቶ በግራ ይሄዳል፤ መንገዱ ግን ያው መንገድ ሆኖ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ይገባል። በዚህ መንገድ ነጋዴው፣ ሹፌሩና ስደተኛው ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ስለ እነርሱም ብዙ ተወርቷል፣ ብዙም ተጽፏል። አያትና የልጅ ልጅ ተያይዞ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ድንበር ስለሚሻገረው ቤተሰብ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት አልፎ ትምህርት ቤቶች በመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ አራት ነፍስ ያለው አንድ ቤተሰብ ይህን ጉዞ ተነሣ። አያቲቱ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እናት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ታላቂቱ ልጅ ዐሥራ አራት፣ ታናሹ ወንድ ልጅ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አባት ናይሮቢ ውስጥ ባንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በወጥ ቤት ሠራተኛነት ከተቀጠረ አምስት ዓመት ሆኖታል። ልጁ የአባቱን ፊት በስልክ መስኮት ያውቀዋል፤ ቁመቱን ግን አያውቅም። የአውሮፕላን ቲኬት ለአራት ሰው የመምህር ደመወዝ የሚደፍረው ነገር ስላልነበረ፣ ምርጫው አውቶቡስ ሆነ።

ዝግጅቱ ሁለት ወር ፈጀ። ስንቁና ስጦታው ቀላሉ ነው፤ በርበሬና ሽሮ ተዘጋጀ፣ ዳቦ ቆሎ ተጠበሰ፣ በሶ ተፈጨ። ከባዱ ወረቀቱ ነበር። ኬንያ ለመግባት ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም፤ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን የግድ ነው። ለልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ወጣ። ከዚህ ሌላ አንድ ወረቀት ነበረ፤ የፍርድ ቤት ማኅተም ያረፈበት፣ ትርጉሙ ከጀርባው የተያያዘ። እናት እርሱን ከሌሎቹ ለይታ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከእጅ ቦርሳዋ ሥር አኖረችው። ወንዱ ልጅ እንዳያየው ነው።

ከአውቶቡስ ተራ የተነሡት ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበር። የሀገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚታወቅ ሥርዓት አለው። ረዳቱ ሻንጣውን ከላይ ሲጭን ባለቤቱ ከታች ሆኖ ይቆጣጠራል፤ ሁሉም ሰው የበርበሬው ጆንያ የሌላው ሰው እንደ ሆነ ያስባል። ሞጆ ሳይደረስ ማን ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ዝዋይ ሲደረስ የአንዱ ስንቅ የሁሉ ይሆናል። ታላቂቱ ልጅ መኪና አይስማማትምና ሎሚ ከአፍንጫዋ አላራቀችም። አያቲቱ ያንን ሎሚ አየት እያደረጉ ዝም ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ሌሊት ዲላ ላይ አለፈ። ባልቤርጎው ሁለት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ ልጁ ፓስፖርቶቹን ተቀብሎ አልጋ ላይ ደረደራቸው። የፈረንጅ ፊደል ማንበብ ከጀመረ ወዲህ የሚያነበው ሲያጣ የሳሙና መጠቅለያ የሚያነብ ልጅ ነው። የራሱን አነበበ፤ ስሙ፣ ያባቱ ስም፣ ያያቱ ስም። የእናቱን አነበበ፤ ሌላ አባት፣ ሌላ አያት፤ ይህ እንግዳ አልሆነበትም። የአያቱንም እንዲሁ። የእኅቱን ሲያነብ ግን ቆም አለ፣ ደግሞም አነበበ።

«እታለም፣ ያንቺ አባት ማነው?»

ልጅቱ ፀጉሯን ትጎነጉን ነበር፤ እጇ አላቋረጠም፣ አፏም አልመለሰም። አያቲቱ «ተኛ፣ ነገ በሌሊት ነው የምንነሣው» አሉት፤ መብራቱም ጠፋ።

እዚህ ላይ የስምን ነገር ጥቂት ማንሣት ያስፈልጋል። በሀገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ያባቱ ስም የሚከተለው ለመለያ፣ ያያቱ የሚጨመረው መዝገብ ሲጠይቅ ነው። ሴት ልጅ ባል አግብታ ቤት ትለውጥ እንደ ሆነ እንጂ ስም አትለውጥም፤ ያባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ ይዛ ትቀበራለች። ስለዚህ ባንድ ጣራ ሥር፣ ባንድ መሶብ ዙሪያ የሚኖሩ ባል፣ ሚስት፣ አማትና ልጅ፣ ስማቸው ተጽፎ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ገበያ ላይ የተገናኙ ባዕዳን ይመስላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረኔ ዳቪድ የተባሉት ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ያረቀቁት፣ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ካባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ደንግጎ ነበር። ስድሳ ዓመት አለፈ። ሕዝቡ ድንጋጌውን አልተቃወመም፣ አልተከራከረበትም፤ ዝም ብሎ ተወው። አርቃቂው በሀገራቸው የለመዱትን ጻፉ፤ እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን እንደ ለመዱት ጠሩ።

ይህ ልማድ በሀገር ውስጥ ማንንም አይጎዳም። ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድር ያውቃል፣ የነፍስ አባት ያውቃሉ። የማን ልጅ መሆን በማን ቤት ማደግ ነው። የሞተች እኅት ልጅ ወደ ወንድሟ ቤት ገብታ ስታድግ፣ ማንም ሰው ስለ ዝምድናው ሰነድ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ጉዳዩ እንዳይነሣ ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ልጅቱ እንዳይከፋት፣ የቤቱም ልጅ እንዳይለያት። በዚህ ቤት የሆነው ይኸው ነበር። ታላቂቱ ልጅ የአያቲቱ የሟች ልጃቸው ልጅ ናት። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እርሱ በመኪና አደጋ፣ ከዓመት በኋላም እናቷ በሕመም ሲሞቱ፣ ልጅቱ ሦስት ዓመት አልሞላትም። አጎቷና ሚስቱ ወሰዷት። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንዱ ልጅ ተወለደ። ልጅቱ ታውቃለች፤ እርሱ አያውቅም። ግድግዳው ላይ ያለችውን ባለ ሹሩባ ሴት ፎቶግራፍ «ዘመድ ናት» ተብሎ ነው ያደገ። አያቲቱም ከአርባ ቀን ተዝካሩ ወዲህ የልጃቸውን ስም በአፋቸው አንሥተው አያውቁም። ደግነት ነው፤ ግን ዝምታውን ሁሉም ሰው እኩል አይሸከመውም፤ የከበደው ክፍል ለልጅቱ ደርሷታል።

በማግሥቱ አውቶቡሱ ይርጋ ጨፌን አልፎ፣ ሐገረ ማርያምን ትቶ ሲወርድ፣ እንሰቱና ቡናው ወደ ኋላ ቀረና የግራሩ ሜዳ መጣ። መሬቱ ቀላ፣ ኩይሳው እንደ ጭስ ማውጫ ቆመ። ያቤሎ ላይ ወደ ኬንያዪቱ ሞያሌ፣ ወደ ተዳረች እኅቱ የሚሄድ አንድ የቦረና ከብት ነጋዴ ተሳፈረ፤ ከልጆቹም ጎን ተቀመጠ። አማርኛው ጥሩ ነው። ዱብሉቅ አጠገብ ሲደርሱ በመስኮት እያመለከተ ስለ ቱላዎቹ፣ ስለ ዘጠኙ ጥልቅ ጉድጓዶች ለልጁ ነገረው፤ በበጋ ወጣቶች ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውኃው እርከን በእርከን ቆመው፣ እየዘፈኑ ውኃውን በመቀባበል ለከብቱ እንደሚያወጡ። ቀጥሎም፣ የቦረና ሰው ሕፃን ሲያጫውት እንደሚያደርገው፣ «አባቶችህን ቁጠር» አለው።

ልጁ አምስት ድረስ ቆጥሮ ተያዘ። አያቲቱ ሁለት ጨምረው ሰባት አደረሱለት። ነጋዴው የራሱን ሲቆጥር ትንፋሹ አላለቀም። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሮ፣ በጎ አስቦ፣ «አንቺስ?» አላት። ልጅቱ «ራሴን ያዞረኛል» ብላ ሎሚዋን አስጠግታ ወደ መስኮቱ ዞረች። ነጋዴው ሰው አይቶ የሚያውቅ ነውና ነገሩን ወደ ከብት ዋጋ ለወጠው።

ነጋዴው ሊጠይቃት የሚሄደው እኅቱ ከድንበሩ ወዲያ ያለችው ስደተኛ ሆና አይደለም፤ ሀገሯ ውስጥ ነው ያለችው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የብሪታንያ መንግሥት ሲዋዋሉ የተሠመረው መሥመር፣ በኋላም በ1962 ዓ.ም. ነፃይቱ ኬንያና ኢትዮጵያ ሞምባሳ ላይ በተፈራረሙት ውል የጸናው፣ በቦረና ሕዝብ መካከል ነው ያለፈው። ባንድ ቋንቋ የሚነጋገር፣ ባንድ ገዳ የሚተዳደር ዘመድ በሁለት ፓስፖርት ይሄዳል። ሞያሌም አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት፤ የወዲህ ማዶዋ ዶሮ ሲጮኽ የወዲያ ማዶዋ ትነቃለች።

የጋራው የድንበር ጣቢያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሁለቱ ሀገሮች መሪዎች ከመመረቁ በፊት፣ ተሻጋሪው ባንዱ ጽሕፈት ቤት መውጫውን አስመትቶ፣ በእግሩ ተሻግሮ፣ በሌላው መግቢያውን ያስመታ ነበር። ቤተሰቡ ሞያሌ አድሮ ጠዋት ተሰለፈ። የወዲህኛው ቶሎ አለቀ። ወዲያ ማዶ በመጀመሪያ የክትባቱ ካርድ ታየ፤ ቀጥሎ የሚሞላ ቅጽ ተሰጠ። ከቅጹም ላይ ያ ሕዝቡ የተወው ነገር ተጽፎ ቆየ፤ የቤተ ዘመድ ስም። እናት በአራቱ ቅጽ ላይ አራት የተለያየ ስም ጻፈች።

መኮንኑ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ጎልማሳ ነው። ፓስፖርቶቹን እንደ ካርታ ዘርግቶ፣ «አንድ ቤተሰብ ናችሁ?» አለ በእንግሊዝኛ። ኢትዮጵያውያንን ያለማቋረጥ የሚያስተናግድ ሰው ነውና የስሙ ልዩነት አላስደነቀውም። የአያቲቱን መታ፤ የእናትን መታ። የልጁን የልደት ወረቀት ገልጦ የእናቱን ስም ካመሳከረ በኋላ መታለት። የልጅቱን ገለጠ፤ አነበበ፤ በእናት ሥፍራ የተጻፈውን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራ።

ዐሥራ አንድ ዓመት በቤት ውስጥ ያልተጠራ ስም፣ በማያውቁት ሰው አፍ፣ በባዕድ አጠራር ተጠራ። አያቲቱ በያዙት ጓዝ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ስሙን አላወቀውም፤ የአያቱን ፊት ግን አየ።

መኮንኑ የጠየቀው ልጅቱን ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል። «ይህች ሴት ምንሽ ናት?»

ልጅቱ ከትምህርት ቤት በለመደችው እንግሊዝኛ «እናቴ ናት» አለች።

«እዚህ ላይ የተጻፈችውስ?»

«እርሷም እናቴ ናት።»

መኮንኑ ወደ እናት ቀና አለ። እናት ከቦርሳዋ ሥር ላስቲኩን አውጥታ ስትፈታ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ይህን ጊዜ ከኋላ የተሰለፈው ያ ነጋዴ አንድ ቃል በኦሮምኛ ጣል አደረገ፤ «ጉዲፈቻ» አለ። መኮንኑም በዚያው ቋንቋ መለሰለት፤ እርሱም የዚያው አገር ሰው ኖሯል። ቃሉን እኛም ከኦሮምኛ ወስደን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በኋላም በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ጽፈነዋል፤ ሁለቱም ሞያሌ ያለ ትርጉም ይረዱታል። እናት ግን መምህርት ናትና የተሳሳተ ነገር አታሳልፍም። «ጉዲፈቻ አይደለም፣ ሞግዚትነት ነው» አለች። ፍርድ ቤቱ የሰጣት ይህንኑ ነበርና። ቤት ውስጥ ለነገሩ ስም ወጥቶለት አያውቅም።

መኮንኑ ፈገግ አለ፤ ወረቀቱንም እስከ መጨረሻው መሥመር አነበበ። መልካም አደረገ። ወደ ደቡብ የሚወርደው ይህ መንገድ የሰው ነጋዴዎችም መንገድ ነው፤ ልጅ ያልሆነውን ልጄ ብሎ የሚያሻግር አለ። በኬላ ላይ መጉላላቱን የሚያማርር ተጓዥ ይህን ቢያስታውስ ምሬቱ በጥቂቱ ይቀንስለት ይሆናል። ማኅተሙ አራተኛውን ፓስፖርት ሲመታ ከሌሎቹ የተለየ ድምፅ አላሰማም።

የናይሮቢው አውቶቡስ ከቀትር በኋላ ነበር። ቲኬቱ ላይ 14 ሰዓት ይላል፤ እናት ግራ ተጋብታ ብትጠይቅ ቲኬት ቆራጩ በስዋሂሊ «ሳ ናኔ» አላት፤ ነጋዴውም «ስምንት ሰዓት» ብሎ ተረጎመ። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛው ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ ናኔ ስምንት ነው። አያቲቱ በዚህ እጅግ ተደሰቱ። «ታዲያ ሰዎች ናቸዋ» አሉ። ነጋዴው ተሰናብቶ ወደ እኅቱ ሄደ።

ከተማዪቱ ዳር ባለች ሻይ ቤት በወተት የፈላ ሻይና ቻፓቲ ቀረበ። ልጁ ጥቂት ቆየና፣ ማንንም ሳያይ፣

«እማማ፣ ፎቶግራፉ ላይ ያለችው እሷ ናት?» አለ።

«እሷ ናት» አሉ አያቲቱ። የልጃቸውንም ስም በራሳቸው አፍ፣ በትክክለኛው አጠራሩ፣ ጠሩ። ጥቂት ዝም ብለው ደግመው ጠሩት።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ይህ በረሃ በመኪና ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው በከብት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ፣ በታጣቂ አጀብ፣ ድንጋይ ድንጋዩን ነበር የሚጓዘው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ከፍተኛ ድጋፍ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ግን አውቶቡሱ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። አያቲቱ በዚያ ለስላሳ መንገድ ላይ ማውራት ጀመሩ፤ እስከ ቱርቢም አላቆሙም። ልጃቸው ሳለች መኪና ፈጽሞ እንደማይስማማት፣ ደብረ ብርሃን ድረስ እንኳ ያለ ሎሚ ሄዳ እንደማታውቅ፤ ሹፌር ስታገባም ዘመድ ሁሉ እንደ ሳቀባት፤ መዝሙር ስትዘምር ዜማውን እንደምትስት፣ ስትስትም ድምፅዋን ይልቁን እንደምታጎላ። ልጅቱ ይህን ሁሉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። በእጇ ያለውን ሎሚ አገላብጣ አየችው። እናት ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጣ አንገቷን ሳትመልስ ታዳምጥ ነበር፤ ትከሻዋ ይናገራል።

ቱርቢን አልፈው ሳለ ሰማዩ ደፈረሰ። አንበጣ ነበር። በኬንያ ሰባ ዓመት ያህል ያልታየ ነው የተባለው መንጋ በዚያ ወራት ሰሜኑን ሁሉ ለብሶት ነበር፤ የእኛም ቦረና ከዚሁ መከራ አላመለጠም። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አንበጣው በመስተዋቱ ላይ እንደ በረዶ ተንኳኳ። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። አንድ ሽማግሌ ፍየሎቻቸው የሚግጡት ምን እንደሚተርፍ በየቋንቋው ለሚሰማቸው ሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ የሚመልስላቸው አልተገኘም። የአያቲቱም ወሬ እዚያ ላይ ተቋረጠ፤ የገበሬ ልጅ ናቸውና አንበጣ ሲያዩ የሚያወሩት ይጠፋቸዋል።

ሌሊቱን አውቶቡሱ ደጋግሞ ቆመ። ፖሊሶች የእጅ መብራት ይዘው እየገቡ ወረቀት ጠየቁ። በመጀመሪያው ኬላ ላይ እናት ነቅታ አቀረበች። በሁለተኛው ላይ ስትነቃ ፓስፖርቶቹ ከጭኗ ላይ የሉም፤ ልጁ ተቀብሎ፣ በላስቲክ የነበረውን ወረቀት ከእኅቱ ፓስፖርት ውስጥ አጣጥፎ ከትቶ፣ አራቱን አንድ ላይ ይዞ ተቀምጧል። እኅቱ ትከሻው ላይ ተኝታለች። ፖሊሱ ሲደርስ ልጁ እንዳትነቃ በጣቱ ምልክት ሰጠው።

«እታለም» አላት በኋላ፣ ኢሲዮሎ ካለፈ በኋላ ስትነቃ፤ «አባቶችሽን ቁጠሪልኝ።»

ልጅቱ ሦስት ቆጠረች፤ ከዚያ በላይ የነገራት ሰው አልነበረም። አያቲቱ በጨለማው ውስጥ የአማቻቸውን ወገን እያስታወሱ ሁለት ጨመሩላት፤ የቀሩትን ሁለቱን ለማወቅ ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ አክስት መጠየቅ አለባቸው ተባለ። ልጁ አምስቱን ስሞች ደጋግሞ አጠናቸው።

ናይሮቢ የገቡት ሲነጋጋ ነው። ኢስሊ ላይ፣ አውቶቡሶቹ በሚቆሙበት ጭቃ መንገድ ዳር፣ አባት ከሌሊቱ ጀምሮ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በስልክ ከሚታየው ይልቅ አጭር ነው። የእናቱን ጉልበት ስሞ ተነሣ፤ ሚስቱን አቀፈ፤ ልጅቱን ራሷን ይዞ ግንባሯን ሳማት። ወንዱ ልጅ ፓስፖርቶቹን በደረቱ አቅፎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆሟል። እኅቱ በክርኗ ገፋ ስታደርገው፣ ቀና ብሎ፣ መኮንን ፊት እንደሚቆም ሰው፣ ስሙን ካባቱና ካያቱ ስም ጋር አስከትሎ ተናገረ።

አባት ዝቅ ብሎ ቁመቱን ከልጁ ቁመት ጋር አስተካከለ። «ከማን ጋር መጣህ?» አለው።

ልጁ ከመመለሱ በፊት ዘወር ብሎ ሦስቱንም ቆጠረ።